የኢንሹራንስ ተመራቂዎችና ቀጣሪዎች፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በኢንሹራንስ ትምህርት በጥሩ ውጤት ተመርቄያለሁ፤ ሥራ ባመለከትኩበት ሁሉ ግን «ልምድ የለሽም» እየተባልኩ እመለሳለሁ። የጎደለኝ ምንድን ነው?

መልስ፦ የጎደለዎት ንድፈ ሐሳብ አይመስለኝም፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው እውነተኛ ፋይል ፊት ለፊት ሲቀመጥ ነው። ለምሳሌ 1,000,000 የሚያወጣ መጋዘን በ600,000 ብቻ መድን ተገብቶለት የ200,000 የቃጠሎ ጉዳት ቢደርስበት፣ ውሉ ካሳን ከዋስትናው መጠን ጋር የሚያመጣጥን ድንጋጌ ካለው፣ መድኑ የዋጋውን 60 በመቶ ብቻ ስለሚሸፍን ኩባንያው የሚከፍለው የጉዳቱን 60 በመቶ፣ ማለትም 120,000 ነው። ስሌቱን ማንኛውም ተመራቂ ይሠራዋል። ይሁን እንጂ የመጋዘኑን ዋጋ ማን እንደተመነው፣ የተቃጠለው ዕቃ በውሉ ከተገለጸው ጋር ይስማማ እንደሆነ መመርመር፣ ያልተከፈለውንም 80,000 ለተቆጣ ደንበኛ ማስረዳት በፈተና ወረቀት አይለመድም። ቀጣሪው «ልምድ» የሚለው በአመዛኙ ይህንን ስለሆነ፣ ለቃለ መጠይቅ ከመቅረብዎ በፊት የአንድን ፖሊሲ (የመድን ውል) ሙሉ ጽሑፍ፣ በተለይም ከሽፋን ውጭ የተደረጉትን አንቀጾች፣ ደጋግመው ያንብቡ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ኮሌጃችን ከአንድ ኩባንያ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሟል፤ ተማሪዎቻችን ግን ለተግባር ልምምድ ሄደው ፎቶ ኮፒ ሲያነሱ ይከርማሉ።

መልስ፦ የፊርማው ሥነ ሥርዓት በፎቶግራፍ ይቀራል፤ ተማሪውን የሚቀበለው የሥራ ክፍል ግን ስለ ስምምነቱ አልሰማም። እኔ ብጠየቅ በሰነዱ ላይ ቢያንስ ሁለት ግዴታዎች እንዲሰፍሩ እጠይቃለሁ። ኩባንያው የተዘጉ የካሳ ፋይሎችን የደንበኞችን ማንነት አጥፍቶ ለማስተማሪያ ይስጥ፤ ተማሪውን የሚከታተለው ባለሙያም በስም ይመደብ፣ ለዚህ የሚያውለው ሰዓት ከመደበኛ ሥራው ይቆጠርለት። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያውም አይሠራም፤ የራሱ የካሳ ጥያቄዎች የተከመሩበት ሠራተኛ ለማስተማር ጊዜ ከየት ያመጣል? በጀርመን ጥምር የሙያ ሥልጠና የኢንሹራንስ ሠልጣኝ ከኩባንያው ጋር ውል ፈርሞ፣ አበል እየተከፈለው፣ ጊዜውን በሙያ ትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ ከፍሎ ይማራል፤ የመጨረሻ ፈተናውንም የሚሰጠው የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት ነው። ኩባንያው ገንዘብ ስላወጣበት ፎቶ ኮፒ ላይ አያስቀምጠውም።

ጥያቄ፦ የኩባንያ የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። አሠልጥነናቸው ወደ ተፎካካሪ ቢሄዱስ?

መልስ፦ አንዳንዶቹ ይሄዳሉ። ሁሉም ኩባንያዎች ከተፎካካሪ መውሰድን ብቻ ከመረጡ ግን የሚወሰድ ሰው አይኖርም፤ ወጪውን በማኅበር መጋራት የሚሻለው ለዚህ ነው። በ1912 ንጉሣዊ ቻርተር ያገኘው የለንደኑ የመድን ባለሙያዎች ማኅበር፣ ቻርተርድ ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት፣ የሚሰጠው ፈተና የአንድ ኩባንያ ንብረት አይደለም፤ የምስክር ወረቀቱም ባለሙያው የትም ቢቀጠር አብሮት ይሄዳል። ለእናንተ የሚቀረው ሰልጣኙ ከኩባንያው ሳይወጣ ከካሳ ክፍል ወደ ጠለፋ ዋስትና (የመድን ኩባንያው ራሱ ከሌላ መድን ሰጪ የሚገዛው ዋስትና) ወይም ወደ ስጋት ግምገማ የሚያድግበትን መንገድ ማሳየት ነው።