ማንም ያልተከለው

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ማንም ሳይተክለው ግቢያችን ውስጥ ስለበቀለ ተክል ነው።

ድሬዳዋ የኖረ ሰው ይሄን ይረዳኛል። እኛ ሰፈር፣ ሳቢያን፣ ፓፓያውም ሎሚውም በጀሪካን ውሃ ተሸክመንላቸው ነው የሚያድጉት። እና ማንም ሳያጠጣው፣ በዚያ ሙቀት ለምልሞ የተነሳ ቅጠል ስታዩ እጃችሁ ለመንቀል አይዘረጋም። እናቴም ገና ስታየው "ተይው፣ እግዜር የሰጠንን" ነው ያለችኝ። እኔም መንቀሉን አልፈለግኩም። ግን ስሙን ሳላውቅ ግቢ ውስጥ እንዲኖር ማድረግም ከበደኝ። ልጆች የሚጫወቱበት፣ ዶሮ የሚለቅምበት ግቢ ነው።

መጀመሪያ መሬት ላይ ተነጥፎ ነበር። ቅጠሎቹ ከአንድ መሃል ተነስተው ዙሪያውን ተዘርግተዋል፤ እያንዳንዱ ቅጠል እንደ ካሮት ቅጠል እስከ ውስጥ ድረስ የተሰነጣጠቀ ነው። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ "አሪቲ ነው" አለ። ቡና ስናፈላ የምንጎዘጉዘው፣ እናቶች ግቢ የሚያሳድጉት አሪቲ። ይመስላልም፣ እውነት ነው። ግን አንድ ቅጠል ቀጥፌ በጣቴ አሸሁት። አሪቲ ቢሆን ሽታው ቀኑን ሙሉ ከእጅ አይለቅም፤ ይሄ እንደ ማንኛውም ሣር ነው የሸተተኝ። ደግሞ አሪቲ ወደ ግራጫ ያደላል፣ ይሄ ግን ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ አሪቲ አይደለም።

በስልክም ሞከርኩ። ፎቶ ሲሰጡት የተክል ስም የሚናገር አፕ አለ፤ ዛሬ አንድ ስም፣ ነገ ሌላ ስም ይነግረኛል። በአፑ አልፈርድበትም። በዚያ ዕድሜው ቅጠል ብቻ አይቶ መለየት ለማንም ከባድ ነው። ተክል ማንነቱን የሚናገረው በአበባው ነው።

ከዚያ መሃሉ ላይ ግንድ አወጣ፣ ፈጥኖም ተመዘዘ። ግንዱን በጣቴ ስዳስሰው ከላይ እስከ ታች የወረዱ ሸንተረሮች አሉት፣ ትንሽ ጸጉርም አለው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይሆናል። አበባው በጣም ትንሽ ነው፣ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ከርቀት ነጭ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው። በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሳየው ግን ዙሪያው ላይ አምስት ትንንሽ ነጭ ቅጠሎች አሉት። ክብ ሆኖ አምስት ማዕዘን ያወጣ ነገር ነው። ቆንጆ ነው፣ ለምን እዋሻለሁ።

ጥያቄዬን የመለሰችልኝ ግን ወተት የምታመጣልን አዴ ናት። ዕቃዋን ሳታወርድ ነው ያየችው።

"አዴ፣ ይሄን ታውቂዋለሽ?" አልኳት።

"ፈረምሲሳ ነው እንጂ! ምን ይሠራል እዚህ?" አለች። "ላም ከበላችው ወተቱ ይመራል። መራራ ወተት ማን ይገዛኛል? ዘር ሳይጥል ንቀይው።"

ሌላ አገር ሆናችሁ የምትሰሙኝ፣ ትልቅ ሰው አንቺ ማለቴ አይክበዳችሁ፤ ድሬ እንዲህ ነው የምንነጋገረው፣ ክብሩ ሳይጎድል።

ስሙን ካገኘሁ በኋላ የቀረውን ማንበብ ቀላል ሆነ። ሳይንሳዊ ስሙ ፓርተኒየም ሂስተሮፎረስ ነው፤ ወሎ አካባቢ ቅንጬ አረም ይሉታል። የሚገርመኝ ቤተሰቡ ነው፤ ከኑግ፣ ከሱፍ፣ ከአደይ አበባ ጋር ይዛመዳል። አገሩ ግን ሩቅ ነው፣ ሜክሲኮና አካባቢዋ። ወደ ኢትዮጵያ እንዴት ገባ ሲባል ሁለት መንገድ ይጠቀሳል። አንዱ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የሶማሊያ ጦርነት የገቡት ተሽከርካሪዎች ናቸው፤ ሌላው ከእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ የመጣ ዘር ነው። መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች ደግሞ አንዷ የእኛው ድሬዳዋ ናት፣ ከሐረርጌ ገጠሮች ጋር።

አንድ ተክል ብቻውን ከ10,000 በላይ ዘር ሊጥል ይችላል። ከበቀለ በወር ገደማ ማበብ ይጀምራል። ዘሩ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ዓመታት ይቆያል። ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው ኬሚካል ጎረቤቱ ያለውን ተክል እንዳይበቅል ያፍነዋል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ የመስክ ጥናት፣ ማሽላ ውስጥ ሳይታረም ከተተወ ምርቱን ከ40 እስከ 97 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል። 97 በመቶ! ማሽላ የሐረርጌ ገበሬ እንጀራ ነው። ይሄን ሳነብ የአዴ ፊት ነው የመጣብኝ።

ሰውንም ይጎዳል። ደጋግሞ የነካው ሰው ቆዳው ሊያሳክከውና ሊቆስል ይችላል፤ የአበባው ብናኝ ደግሞ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል። እናቴ ስለ ወተቱም ስለ አስሙም ስነግራት አንድ ቃል አልመለሰችም፤ ጓንት ፈልጋ አመጣች።

እንዴት ግቢያችን ገባ የሚለውን ግን ማወቅ ነበረብኝ። የበቀለበት ቦታ ራሱ ነገረኝ፤ የኋላውን አጥር ስናሳድስ የተረፈው አሸዋ ላይ ነው። አሸዋው የመጣው ከወንዝ ነው። ደቻቱን ታውቁታላችሁ፣ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ከላይ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ይወርዳል። ሁለት ሚሊሜትር የማትሞላ ጥቁር ዘር ከዚያ አሸዋ ውስጥ ማን ይለያታል? ከዚያ ወዲህ መንገድ ስሄድ ዓይኔ ይፈልገዋል፤ የቦይ ዳር፣ የግንባታ ቦታ፣ የባቡር ሐዲዱ ጥግ፣ የትም አለ። ለዓመታት አጠገቡ አልፌያለሁ።

እናንተም ግቢ ካገኛችሁት፣ ሳያብብ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ በጓንት ከነሥሩ ንቀሉት። ላዩን ብቻ ከቆረጣችሁት እንደገና ያቆጠቁጣል። አብቦ ካገኛችሁት ሳታራግፉ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ክተቱት፤ ለከብት አትስጡት፣ ኮምፖስት ውስጥም አትጨምሩት። በነቀላችሁበት ቦታ ቶሎ ሌላ ነገር ዝሩ፣ ባዶ መሬት ይወዳል። እኛ ባቄላ ዘርተንበታል። ከዝናብ በኋላ ተመልሳችሁ እዩት፣ አዲስ ቡቃያ አይጠፋም።

ስሙን የማታውቁት ተክል ካለ ፎቶ ላኩልኝ፣ አብረን እንፈልጋለን። አንድ ፎቶ ግን አይበቃም፤ ቅጠሉን ከፊትና ከጀርባ፣ ግንዱን ከቅርብ፣ አበባውን ካለው አጉልታችሁ አንሱ። ሲታሽ ምን እንደሚሸት በድምፅ ንገሩኝ፤ ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ግን አትንኩት። የበቀለበትን ቦታም ጻፉልኝ፣ አሸዋ ላይ ነው ወይስ ቦይ ዳር።