ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁን ነገር ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ብጀምረው የምጨርሰው አይመስለኝም።

የደንብ ልብስ የሚሰፋ ትንሽ ድርጅት አለኝ። ከዓመታት በፊት ስድስት ሰፊዎች ነበሩን። ትዕዛዝ ሞልቶናል። ማሽኑ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ያየን ሁሉ “አድጋችኋል” ይለናል። እኔም አምኜ ነበር።

ችግሩ የነበረው ቀኖቹ ላይ ነው። ጨርቁን የምወስደው በ15 ቀን ዱቤ ነው። ሰፍተን እስክናስረክብ 20 ቀን ይሄዳል። ትልቁ ደንበኛችን ደግሞ የሚከፍለው ከተረከበ በ60ኛው ቀን ነው። እስቲ ደምሩት። የጨርቁን እዳ በ15ኛው ቀን እከፍላለሁ፤ የልብሱ ገንዘብ እጄ የሚገባው በ80ኛው ቀን ነው። መሐል ላይ 65 ቀን አለ። በዚያ 65 ቀን ውስጥ ደሞዝ አለ፣ ኪራይ አለ፣ መብራት አለ። እሱን የምሸፍነው ሌላ ደንበኛ በከፈለኝ ቀብድ ነበር። ያ ቀብድ ግን ለራሱ ለዚያ ሰው ጨርቅ መግዣ ነው።

ትዕዛዝ በጨመረ ቁጥር ጉድጓዱም አብሮ ይሰፋል። ይሄ እስኪገባኝ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ቢዝነስ የሚወድቀው ገበያ ሲያጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ገበያ ሞልቶለት፣ ወረቀት ላይ እያተረፈ፣ ካሽ አልቆበት የሚወድቅም አለ። ደሞዝ የሚከፈለው እጅ ላይ ባለ ገንዘብ እንጂ በሚመጣ ገንዘብ አይደለም።

ከዚያ ትልቁ ደንበኛ መዘግየት ጀመረ። 60 ቀኑ 90 ሆነ። 90ው 120 ሆነ። ከገቢያችን ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከእሱ ስለነበር ጠንከር ብዬ ልጠይቀው አልደፈርኩም።

እስከዚህ ድረስ ያለው በማንም ላይ ይደርሳል። ዛሬ መናገር የፈለግኩት ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ነው። ዝም አልኩ።

ጨርቅ የሚያቀርቡልን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ሲደውሉ ስልኩን አገላብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ንዝረቱ እስኪያበቃ እጄ ላዩ ላይ ነው። ማታ “ስብሰባ ላይ ነበርኩ” ብዬ መልእክት እልካለሁ። አንድ ደብተር ነበረኝ፣ እሱ ላይ ሊገባልን የሚገባውን ሁሉ በዝርዝር እጽፋለሁ። ያለብኝን እዳ ግን አልጽፍም። በቃሌ አውቀዋለሁ እላለሁ።

ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ የሂሳብ ሊቅና መነኩሴ፣ እ.ኤ.አ. በ1494 የቬኒስ ነጋዴዎች ሂሳባቸውን እንዴት እንደሚይዙ ጽፎ አሳትሟል። እያንዳንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ አንዱ በግራው ጎን፣ በዴቢት፤ አንዱ በቀኙ ጎን፣ በክሬዲት። ሁለቱ ጎን እኩል ካልመጣ የሆነ ቦታ ስህተት አለ። ከ500 ዓመት በላይ አልፎም የምንሠራው በዚሁ ነው። የእኔ ደብተር ግን አንድ ጎን ብቻ ነበረው። የሚገባልኝን ጎን ጽፌ፣ የምፈራውን ጎን ባዶ ትቼዋለሁ። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ስለ እኔ ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

በመጨረሻ ሦስቱን ሰፊዎች ማሰናበት ግድ ሆነ። ጠርቻቸው ነገርኳቸው። ሁለቱ ምንም አላሉም። ሦስተኛዋ ግን ጣቷን ከመርፌ የሚከላከልላትን ቲምብል አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና “ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?” አለችኝ።

ከሦስት ወር በፊት ጀምሮ አውቅ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝታ፣ “ልሂድ ወይስ ልቆይ?” ብላ አማክራኝ ነበር። “ቆዪ፣ ሥራ ሞልቶ የለም እንዴ?” ብያታለሁ። ያን ቀን ግን የምመልስላት አጣሁ። እሷም አልጠበቀችም፣ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ገንዘቡን ማጣቴ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር፣ እውነት ነው። ያ ግን አለፈ። የእሷ ጥያቄ አላለፈም።

ስለ ውድቀት ሲወራ የእንግሊዛዊው የፈጠራ ሰው የጄምስ ዳይሰን ታሪክ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ከረጢት የሌለውን ቫኪዩም ክሊነር እስኪያገኝ 5,127 ናሙና ሠርቷል። ሰው ይህን የሚያወራው ስለ ትዕግሥት ነው። እኔ ግን አሁን ሳስበው 5,126 ጊዜ “ይሄ አልሠራም” ብሎ መቀበሉ ይበልጥብኛል። አልሠራም ካላልክ የሚቀጥለውን በምን ታስተካክለዋለህ? እኔ ለወራት ያንን አንድ ቃል ነበር ያልተናገርኩት።

ከብዙ ማመንታት በኋላ ጋሼ ጋ ራሴ ደወልኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝና እንዲህ አሉኝ፦ “ልጄ፣ ገንዘቡ ይዘገያል ብትለኝ እኮ እኔም ለፋብሪካው እነግረው ነበር። አንተ ዝም ስትል እኔም ውሸታም ሆንኩ።” ዝምታዬ ራሴን ብቻ የሚጎዳኝ ነበር የሚመስለኝ። እሳቸውንም አዋርዷቸዋል። እዳውን በስድስት ወር ከፍዬ ጨረስኩ። አሁንም ጨርቅ የምወስደው ከእሳቸው ነው።

ያቺን ልጅም ፈልጌ አገኘኋት። ይቅርታ ጠየቅኩ። “እሺ” አለችኝ። ከዚያ ሌላ ምንም አላለችም፣ እኔም ሌላ ነገር እንድትለኝ የመጠበቅ መብት የለኝም።

አሁን አራት ነን። አንድም ደንበኛ ከገቢያችን ከሲሶ በላይ እንዲይዝ አልፈቅድም። ትልቅ ትዕዛዝ ሲመጣ ግማሹ ካልተከፈለ መቀስ አይነሳም። በዚህ ምክንያት ያመለጡን ሥራዎች አሉ፣ አንዳንዶቹ ያስቆጩኛል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ደብተሩን ሰፊዎቹ ፊት እከፍታለሁ። እጃችን ላይ ያለውን፣ ያለብንን እዳ፣ ምንም ገንዘብ ባይገባ ስንት ሳምንት እንደምንቆይ አነባለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ባለፈው ዓርብ “አምስት ሳምንት” አልኩ።

አንዱ ሰፊ ቀና አለና “ባለፈው ስንት ነበር?” አለኝ።

“ሰባት።”

“የትኛው ደንበኛ ነው ያልከፈለው?” አለ። ነገርኩት። “እሱ ጋ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ፣ ሰኞ አብረን እንሂድ” አለኝና ወደ ማሽኑ ተመለሰ።

ነገ ሰኞ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተቀጣጥረናል። በሉ ደህና ሁኑልኝ።