ያሳደጉትን ማረድ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራችሁ።

ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ "ያሳደጋችሁትን በግ አርዳችሁ ስትበሉ አንጀታችሁ እንዴት ይችላል?" አለችኝ። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። እሷም ሥጋ ትበላለች፤ ግን ከሉካንዳ ነው የምትገዛው። ሥጋ መብላት ራሱ ልክ ነው ወይ የሚለው ሰፊ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም። የማወራው እንደሚበላ ሰው ሆኜ ነው።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ የፋሲካውን በግ የምትገዛው ሁዳዴ ሲገባ ነበር። ያኔ ገበያው ቀዝቀዝ ይላል። ከዚያ 55ቱን ቀን ጓሮ ታስሮ ይቀለባል፦ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ጠላ ከተጠመቀም አተላ። የሚያበላው ደግሞ ልጅ ነው። ጾም ስለሆነ በጉን ዓይቶ ምራቁን የሚውጥ ሰው ቤት ውስጥ የለም። ልጅና በግ የሚላመዱት በዚህ ጊዜ ነው። ታናሽ ወንድሜ አንዱን በግ ከእጁ እያበላ አሳደገውና፣ ለፋሲካ ሥጋውን አልቀምስም አለ። እናታችን "ተዉት፣ አትጫኑት" አለች። ዶሮ ወጡን በላ፤ በጉን ግን አልነካም።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "ምስኪን ልጅ" ይላል፤ ከልጅ ደብቆ ማረድ ይሻላል የሚልም አለ። እኔ አይመስለኝም። ወንድሜ የበላውንም ያልበላውንም አውቆ ነው።

ለጓደኛዬም የመለስኩላት ይህንኑ ነው። ከሉካንዳ የገዛሽውንም አንድ ሰው አሳድጎታል። የመንዝን በግ ብርድ ላይ ሲጠብቅ የኖረ እረኛ አለ። ሐረርጌ ብትሄጂ ገበሬው ማሽላውን አብዝቶ ይዘራና፣ ሲያሳሳ የነቀለውን ለበሬው ያቀርባል። ለወራት በእጁ እያጎረሰ ነው የሚያደልበው። ያ በሬ ብዙ ጊዜ መሬቱን ሲያርስለት የከረመ ነው። ከዚያ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ወደ ከተማ ይመጣል። መለየቱን ለገበሬው ትተን እኛ ሥጋውን ብቻ እንወስዳለን።

ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረውን ታሪክ ታስታውሱታላችሁ። ሀብታሙ ሰውዬ እንግዳ ሲመጣበት ከራሱ መንጋ ማረድ ሳሳ። የድሃውን አንዲት በግ ወስዶ አረደ፤ ከጉርሻው የምትበላ፣ ከዋንጫው የምትጠጣ፣ በብብቱ የምትተኛ በግ። በእርግጥ የእኛ ገበሬ ሸጦልን እንጂ ተቀምቶ አይደለም፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን ለራስ ሲሆን መሳሳት፣ ለሌላው ሲሆን አለማሰብ፣ ይህቺን ነገር በእኛም ላይ አያታለሁ።

ይሄ ሲባል ግን ጓሮ ያደገ ሁሉ ደህና ኖረ ማለት አይደለም። ሙክት ሙክት ከመሆኑ በፊት ይኮላሻል። ቡርዲዞ በሚባለው የመኮላሻ መቆንጠጫ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ካልተጠራ በእንጨት ወይም በድንጋይ ተቀጥቅጦ ነው። ስለ ሙክት ጥፍጥና ስናወራ ይህን የሚያነሳ የለም። በአጭር ገመድ ታስሮ፣ እበቱ ላይ ተኝቶ የሚከርም በግም በየግቢው ሞልቷል። ባለቤቱ ይወደዋል፤ ግን መውደድ ብቻውን ገመዱን አያረዝምለትም።

ሁለቱም ትልልቅ እምነቶቻችን ነፍስ ያለ ፈጣሪ ስም እንዳትወሰድ ያዛሉ። ክርስቲያኑ "በስመ አብ" ብሎ ያርዳል፤ ሙስሊሙ "ቢስሚላህ" ብሎ። ለዒድ አል አድሃ ደግሞ የታመመ፣ ያነከሰ፣ ከስቶ አጥንቱ የወጣ አይሆንም። ቢላው ይሳል፣ እንስሳው አይንገላታ የሚል ትእዛዝም አለ። ይህ በጣም ደስ ይለኛል፤ ጥንቃቄው ቢላው ከመነሳቱ በፊት ይጀምራላ! ታዲያ በበዓል ዋዜማ ሾላ ገበያ ሄዳችሁ እዩ። ዶሮው ሁለት እግሩ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ነው የሚዞረው። በጉ መኪና ጣሪያ ላይ ተጠፍሮ ይሄዳል። ቤት ሲደርስም ለነገ ነው ተብሎ ውሃ የሚሰጠው የለም። በማግስቱ የሚጠራው የፈጣሪ ስም የዋዜማውንም ቀን ሊገዛን ይገባ ነበር።

2015 ላይ የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ በከተማም ዶሮ የሚያረባው ሰው በርክቷል። የ45 ቀን ጫጩት ገዝቶ ማሳደግ ቀላል ሆኗል። እደግፈዋለሁ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ማን እንደሚያርድ ወስኑ። ቢላውን ማን ይስላል? ሌሎቹ ዶሮዎች እያዩ ነው ወይስ ዞር ተደርጎ? ብትታመም ማን ያሳክማታል? እንቁላል መጣል ስታቆምስ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰው ቢቆይ ይሻላል እላለሁ።

እኛ ቤት ዘንድሮ ዶሮ እናሳድጋለን። ባለቤቴ በግም እንጨምር ብላ ነበር። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ በጉ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ሊውል ነው። ተነጋግረን ተውነው። ልጆቹ ዶሮዎቹን ይመግባሉ፤ ለምን እንደምናሳድጋቸውም ከወዲሁ ነግረናቸዋል። ትልቋ "እኔ የማልበላ ከሆነስ?" ብላ ጠየቀች። አትበዪም፣ ማንም አይጫንሽም አልናት።

በሉ፣ ሳምንት በሌላ ጉዳይ እንገናኝ። ደህና ሁኑ።