«ቴሪፊክ» የሚያስፈራ በነበረበት ጊዜ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው የማወራችሁ፤ ስለ «ቴሪፊክ»። ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያለፈ ልጅ «ቴሪፊክ!» ይባላል። ቆንጆ ምግብ የቀመሰም ሰው እንደዚያው ይላል። ቃሉ መጀመሪያ እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ ግን ትርጉሙ «የሚያስፈራ» ነበር።

ሥሩ ላቲን ነው። «ቴሬሬ» ማስፈራት፣ «ፋኬሬ» ደግሞ ማድረግ። ሁለቱ ተጋጥመው «ፍርሃት የሚያሳድር» የሚል ቃል ሰጡ። «ቴረር» (ፍርሃት) እና «ቴሪብል» (ያኔ «የሚያስፈራ»፣ ዛሬ «መጥፎ») የሚሉትም የዚሁ የ«ቴሬሬ» ልጆች ናቸው።

ቃሉን ቀድመን ከምናገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ያሳተመው «የጠፋው ገነት» የተባለ ረጅም ግጥም ነው። ሚልተን ያኔ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር፤ እሱ በቃሉ ሲል ሌሎች ይጽፉለት ነበር። በሰባተኛው ክፍል መልአኩ ሩፋኤል ለአዳም ስለ ፍጥረት ይተርክለታል። እባቡ ላይ ሲደርስ ዓይኑ የናስ፣ ጋማው «ቴሪፊክ» ነው ይለዋል። አስከትሎ ደግሞ፦ አንተን ግን አይጎዳህም፣ ስትጠራው ይታዘዝሃል።

እኔ እዚህ ጋ ቆም አልኩ። ያስፈራል፣ ግን አይጎዳም! ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሄዱ የዓባይን ሸለቆ ከአፋፉ ላይ ቆማችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ጉልበት ይርዳል፤ ዓይን ግን ከዚያ መነሳት አይፈልግም። ሸሽተን የምናመልጠው ፍርሃት አለ፤ ይሄኛው ግን ይዞ የሚያስቀር ነው። ለእኔ በጣም የተለያዩ ስሜቶች ናቸው፤ ሁለቱንም «ፍርሃት» ብለን ማለፋችን ያሳዝነኛል።

የእኛ አባቶች ለዚህ ስሜት ቃል ነበራቸው። «ግሩም» የሚለውን ውሰዱ። ዛሬ «ግሩም ምሳ ነበር» እንላለን። በግእዝ ግን ግሩም ማለት የሚያስፈራ፣ የሚያስደነግጥ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው 46ኛው መዝሙር ላይ እግዚአብሔር «ልዑል ወግሩም» ሲባል ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚያው ቦታ ላይ፣ በእነሱ ቁጥር 47ኛው መዝሙር፣ «ቴሪብል» ይላል። ዛሬ አንድ ወጣት አሜሪካዊ ይህን ቢያነብ እግዚአብሔር የተሰደበ ሊመስለው ይችላል። በዚያን ዘመን ግን ምስጋና ነበር።

90ኛው መዝሙር ደግሞ አለ፤ «ከሌሊት ግርማ አትፈራም» የሚለው። እንግሊዝኛው እዚያ «ቴረር» ብሎታል። እስቲ አስቡት፤ ልጃችንን «ግርማ» ብለን ስም የምናወጣለት ቃል ነው! «ገረመኝ»፣ «ይገርማል» የምንለውም ከዚሁ ሥር ነው።

ወደ «ቴሪፊክ» ልመለስ። ከማስፈራት ተነስቶ መጀመሪያ «እጅግ ኃይለኛ»፣ «ከልክ ያለፈ» ማለት ሆነ። ኃይለኛ ማዕበልም፣ ኃይለኛ ጩኸትም «ቴሪፊክ» ተባለ። ከዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ «እጅግ ጥሩ» ወደሚለው ዞረ። ወንድሙ «ቴሪብል» ግን በተቃራኒው ወረደና «መጥፎ» ሆኖ ቀረ። «ኦፉል» እና «ኦሰም»ም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱም መፍራትና መደነቅ አንድ ላይ ካሉበት ሥር ወጥተው፣ አንዱ አስቀያሚ፣ ሌላው አሪፍ ማለት ሆነዋል።

ቃል ይለወጣል፣ ይሄ አይከፋኝም። የሚቆጨኝ እንግሊዝኛው ፍርሃቱን ለአንዱ፣ ውበቱን ለሌላው ማከፋፈሉ ነው። አማርኛ ውስጥ «ግሩም» ፍርሃቱን አራግፏል። «ግርማ» ግን አላራገፈም ባይ ነኝ። «ግርማው ያስፈራል» ስንል ሰውዬውን እያከበርነው ነው፤ እየፈራነውም ነው። ሁለቱ አልተለያዩም።

አሁን ደግሞ የአዲስ አበባ ልጆችን ስሙ። ጥሩ ዘፈን ሲሰሙ «አደገኛ ነው!» ይላሉ። ደስ ያለ ድግስ «ቀውጢ ነበር» ይባላል፤ «ቀውጢ ሰዓት» የጭንቅ ሰዓት ሆኖ ሳለ። አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ቋንቋ ተበላሸ ብለው ሲቆጡ እሰማለሁ። እኔ አልቆጣም። «ግሩም» በሄደበት መንገድ ነው እየሄዱ ያሉት።