ተነሱ፣ አዲስ አበባ እንሂድ፦ ከልጆች ጋር ሳይታሰብ የሚደረግ ጉዞ

ሄለን፦ ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ሰነበታችሁ! ዛሬ የምናወራው ቅዳሜ ጠዋት ብድግ ብሎ ልጆችን ይዞ አዲስ አበባ ስለ መግባት ነው። እኔ የምኖረው አዳማ ነው፣ ስለዚህ ከአዳማ አንፃር ነው የማወራው። ከቢሾፍቱም፣ ከደብረ ብርሃንም ለሚነሳ ነገሩ ያው ነው።

ዳዊት፦ እኔ ደግሞ እንግዳ ተቀባዩ ነኝ፣ የአዲስ አበባ ልጅ። ሄሉ፣ ለምን ድንገት? አቅዶ መሄድ አይሻልም?

ሄለን፦ እቅዱማ ሁሌም አለ። "ትምህርት ሲዘጋ እንሄዳለን" ይባላል። ትምህርት ይዘጋል፣ ክረምት ነው፣ ዝናብ ነው። "ለገና" ይባላል፣ ገና የበዓል ወጪ አለው። ልጅ ደግሞ የተገባለትን ቃል አይረሳም። ደጋግሞ ቃል ከመግባት አንድ ቀን ጠዋት "ተነሱ፣ ጫማ አድርጉ" ማለት ይሻላል ባይ ነኝ። በፈጣን መንገዱ ሰማንያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው።

ዳዊት፦ እሺ፣ ግን ባዶ እጅ አይኬድም።

ሄለን፦ አይኬድም። ሹራብ የግድ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አዳማ ከዚያ በብዙ ትወርዳለች። የእኛ ልጆች ሰንደልና ቲሸርት ነው የለመዱት። እንጦጦ ለመውጣት ካሰባችሁማ 3,000 ሜትር ታልፋላችሁ። ፀሐይ እያለም ከዛፍ ጥላ ሥር ይበርዳል።

ዳዊት፦ ትንፋሽም ያጥራል። ቆላ የለመደ ልጅ እዚያ ሲሮጥ ቶሎ ይደክመዋል። ውሃ ያዙ፣ አታስሩጧቸው።

ሄለን፦ የእኔ ልጆች አዲስ አበባን የወደዷት ባቡር ላይ ነው። ቃሊቲ ከመኪና ወርደን ቀላል ባቡሩን ያዝን። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው፣ ለአዲስ አበባ ሰው ብርቅ አይደለም። ለእነሱ ግን ብርቅ ነበር። ትንሿ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ታያለች። "እማ፣ እዚያ ላይ ሰው ይተኛል?" አለችኝ። ሕንፃው አይደለም የገረማት፣ እዚያ ከፍታ ላይ አንሶላ መሰጣቱ ነው።

ዳዊት፦ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግን ከልጅ ጋር አትሞክሩት፣ መቆሚያም አይገኝ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይሻላል።

ሄለን፦ ከዚያስ? አንተ የት ትወስዳቸዋለህ?

ዳዊት፦ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። ሁሉም ሰው ድንቅነሽን ለማሳየት ይሮጣል። ሐዳር ላይ በ1967 ዓ.ም. ተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይሆናታል። ግን ለስድስት ዓመት ልጅ ሚሊዮን ምኑ ነው? እኔ ሰላም ከምትባለው የሕፃን ቅሪተ አካል ነው የምጀምረው። ዲኪካ ላይ በ1993 ዓ.ም. ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ያገኛት ናት። ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ነበረች። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና "እናቷስ የት ሄደች?" አለኝ። ወንዝ ዳር ስለ መኖር፣ ጎርፍ አጥንትን በአሸዋ እንዴት እንደሚሸፍን ስናወራ ረጅም ሰዓት ሄደ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ፎቅ አላየንም።

ሄለን፦ አላስቆጨህም? እስከዚያ ድረስ ሄዶ...

ዳዊት፦ በፍጹም። ድንገተኛ ጉዞ ጥሩነቱ ይሄ ነው፣ የሚሞላ ዝርዝር የለህም። ወላጅ ብዙ ጊዜ "ለከፈልንበት ሁሉንም እንይ" ይላል። ልጁ በሦስተኛው ቦታ ላይ ማልቀስ ይጀምራል፣ ከዚያ ቁጣ፣ ከዚያ ጭቅጭቅ። ጠዋት አንድ ቦታ፣ ከሰዓት አንድ መጫወቻ። በቃ።

ሄለን፦ ለከሰዓቱ እኔ አንድነት ፓርክ እላለሁ፣ ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ። ጥቁር ጎፈር አንበሳ አለ፣ ልጆች ከዚያ አይነሱም። የዓድዋ መታሰቢያው ደግሞ ፒያሳ ነው፣ ታሪኩን በትምህርት ቤት ለጀመሩት ተዉት። አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። ዘመድ!

ዳዊት፦ እዚህ ላይ እንጣላለን።

ሄለን፦ አዲስ አበባ ገብተህ አክስትህ ጋ ሳትደርስ ከተመለስክ ወሬው ቀድሞህ አዳማ ይገባል። እሷ ጋ ከሄድክ ደግሞ አጎትህ ይቀየማል። እዚህ ምሳ፣ እዚያ ቡና እስከ በረካ። "በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ!" እየተባለ ልጆቹ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ቀኑ ያልቃል። ስለዚህ የአንድ ቀን ጉዞ ከሆነ አልደውልም።

ዳዊት፦ አልስማማም ሄሉ። እናቴ ልጆች በደጇ አልፈው እንደሄዱ ስትሰማ በጣም ነው የሚከፋት። ጉዳዩ የምሳ አይደለም። የልጅ ልጅ በስልክ ብቻ እያየች ዓመት ይሞላል። እኔ አሁን የማደርገው ሌላ ነው፣ እሷን ወደ ልጆቹ አመጣታለሁ። ወዳጅነት ፓርክ ጠራናት። ነጠላዋን ለብሳ፣ ዳቦና ቆሎ በፌስታል ይዛ መጣች። ዕድሜዋን ሙሉ አዲስ አበባ ኖራ እዚያ ገብታ አታውቅም ነበር። ልጆቹ እጇን ይዘው እነሱ ናቸው ያዞሯት።

ሄለን፦ ይሄ ይገባኛል። አጎትየውስ?

ዳዊት፦ እሱም ይምጣ! ማንም "ቤቴን ረገጣችሁ፣ አልረገጣችሁም" አይልም፣ ሁሉም ውጪ ነው።

ሄለን፦ እሺ፣ አሳመንከኝ፣ ጠዋት ከመነሳታችን በፊት እደውላለሁ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ልጆቻችሁ ስማችሁን ያውቃሉ? ብዙ ሕፃን "የእናትሽ ስም ማነው?" ሲባል "እማዬ" ነው የሚለው። ስልክ ቁጥራችሁን በእስክሪብቶ ክንዳቸው ላይ፣ ከሹራቡ እጅጌ በታች ጻፉላቸው። ከጠፋሁ ሮጬ አልሄድም፣ ባለሁበት እቆማለሁ ብለው እንዲደግሙላችሁ አድርጉ።

ዳዊት፦ ቅዳሜ መርካቶ ደግሞ በጭራሽ። ገበያ ካላችሁ አንዳችሁ ሂዱ፣ አንዳችሁ ከልጆቹ ጋር ቆዩ።

ሄለን፦ ሽንት ቤትም አስቡበት። ካፌ ባገኛችሁ ቁጥር "አልመጣብኝም" ቢሉም አስገቧቸው። ለመመለስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ ከመሸ መውጫው ይዘጋጋል፣ ልጅም ይነጫነጫል። ከዚያ በኋላ እዚያው ከሆናችሁ ግን እደሩ፣ በጨለማ አትንዱ።

ዳዊት፦ ያኔ እናቴ ጋ ፍራሽ አለ።

ሄለን፦ ያኔማ ምሳውም እራቱም አይቀርልንም! በሉ፣ የሳምንት ሰው ይበለን።