«አንገትሽን አንቆሽ ያውቃል?»

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። የቤት ውስጥ ጥቃት ነው ርዕሱ፣ ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ኢርፎን አድርጉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጓደኛዬ ባሏ እንደሚመታት ነገረችኝ። እኔ ሆዬ ምን አልኩ? «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ዛሬውኑ ጥለሽው ውጪ!» በኔ ቤት መክሬ ሞቻለሁ። እሷ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ስልኬን አላነሳችም።

ቆይታ ራሷ ደወለችና ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ወደሚረዳ አንድ ቢሮ አብሬያት ሄድኩ። ወይ አብሯት የሚያለቅስ ወይ «እንዴት ዝም አልሽ» ብሎ የሚቆጣ ሰው ነበር የጠበቅኩት። ያገኘናት አማካሪ ግን እስክሪብቶ ይዛ ረጋ ብላ ትጠይቃለች። ድብደባው እየባሰ መጥቷል? ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ? እገድልሻለሁ ብሎሽ ያውቃል? የት ገባሽ የት ወጣሽ ይላል? ከዚያ «አንገትሽን አንቆሽ ያውቃል?»

ጓደኛዬ እጇን ወደ አንገት ልብሷ ሰደደች። አልመለሰችም። አማካሪዋም አልደገመችውም፤ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገችና ውሃ ቀዳችላት።

ማነቅ ከጥፊ በምን እንደሚለይ እኔ አላውቅም ነበር። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ጃክሊን ካምቤል የምትባል ነርስና ተመራማሪ በ1980ዎቹ አጋማሽ (በፈረንጆቹ) እንዲህ ያለ የአደጋ መመዘኛ አዘጋጅታ ነበር፣ ዛሬ 20 ጥያቄዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ደግሞ ባሏ ወይም ፍቅረኛዋ አንቋት የሚያውቅ ሴት በሱ እጅ የመገደል አደጋዋ ወደ 7 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። የሚገርመው ብዙ ጊዜ አንገት ላይ ምልክት እንኳ አይታይም። ምልክት ባይኖርም ግን ሐኪም ማየት አለበት።

ሌላው ያስደነገጠኝ ነገር፣ ለብዙ ሴቶች ከሁሉም የከፋው ጊዜ ጥለው ሊወጡ ሲነሱና ከወጡ በኋላ ያሉት ወራት መሆናቸው ነው። ጠቡ የንዴት ብቻ አይደለማ፣ «የኔ ነሽ» የሚል ነገር አለበት። ታዲያ ያ «ዛሬውኑ ውጪ» ያልኩት ምክሬ፣ ያለ ዕቅድ ብትሰማኝ ኖሮስ?

ዕቅዱን ጓደኛዬና አማካሪዋ አብረው ሠሩት። የሰነዶች ኮፒና ትርፍ ቁልፍ እኔ ጋ ይቀመጥ። ጠብ ሲነሳ ወደ ኩሽና አትሂጂ፣ ቢላ አለ፤ መታጠቢያ ቤትም አትግቢ፣ መውጫ የለውም። ልጆቹ መሃል ገብተው እንዳይገላግሉ፣ ሮጠው ጎረቤት እንዲገቡ ንገሪያቸው። ሞባይሏ ያለችበትን ቦታ ለሱ ያሳያል፣ እኔ «አጥፊዋ!» ልል ስል አማካሪዋ «አይ፣ ድንገት ካጠፋሽው ይነቃል» አለቻት። እኔ ይሄ መቼም አይመጣልኝም ነበር።

ደግሞ አንድ ቢሮ ብቻውን አይችለውም። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ዱሉት ከተማ ውስጥ ፖሊሱን፣ ፍርድ ቤቱንና የሴቶች መጠለያውን በአንድ አሠራር ማያያዝ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ብሪታንያ፣ ዌልስ ውስጥ ባለችው ካርዲፍ ከተማ ፖሊስ፣ ሐኪምና የቤቶች ጉዳይ ሠራተኛ አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ ከፍተኛ አደጋ ላይ ስላለች ሴት እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን መነጋገር ጀመሩ። አስቡት፣ ሐኪሙ ስብራቱን ያውቃል፣ ፖሊሱ ዛቻውን ያውቃል፣ ሁለቱ ካልተገናኙ ግን ሙሉውን የሚያውቅ ማንም የለም።

«ቁጭ አድርገን እናስታርቃቸው» የምትሉ ደግሞ፣ እባካችሁ። እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እውነቱን እንድትናገር ነው የምትጠብቁት? ማታ እኮ አብረው ነው ወደ ቤት የሚመለሱት። ለወንዶቹ የተዘጋጁ ፕሮግራሞችም አሉ። ንዴትን መቆጣጠር ብቻ የሚያስተምሩት ግን አያሳምኑኝም፤ አለቃው ሲያናድደው መቼ ይመታዋል?

ከዕቅዱ ውስጥ የኔ ድርሻ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። «ያን መጽሐፍ ጨረስሽው?» ካለችኝ ፖሊስ እጠራለሁ። አንድ ማታ ደወለች። ድምጿ ሰላም ነው፣ ከኋላ ግን የሱ ጩኸት ይሰማል። «ያን መጽሐፍ ጨረስሽው?» «ልጨርሰው ነው» አልኳትና ዘጋሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ለፖሊስ ደወልኩ። በዚያው ሌሊት ከልጆቿ ጋር መጠለያ ገባች።

አሁን የራሷ ቤት አላት። አንዳንዴ ደውላ ስለ መጽሐፍ ስታነሳ ግን ልቤ ድንግጥ ይላል። «ኧረ ተረጋጊ፣ የምሬን ነው፣ መጽሐፌን መልሺ» ትለኛለች። እስካሁን አልመለስኩላትም።