ቃሉ ጠፋ፣ ባዶ መስመሩ ቀረ

ጥያቄ፦ ከአዳማ የደወሉልን እህት እንዲህ ይላሉ። «የአማርኛ መዝገበ ቃላት በኤክስኤምኤል (ጽሑፍን በምልክት ከፋፍሎ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ይዤ፣ ቤዝኤክስ በሚባል ዳታቤዝ ላይ ነው የምሠራው። የማልፈልጋቸውን ቃላት አጠፋለሁ። ፋይሉን መልሼ ሳወጣው ግን በየቦታው ባዶ መስመር ነው። ዳታቤዙ ተበላሽቶ ይሆን?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ዳታቤዝዎ ደህና ነው፤ ያዘዙትን ብቻ ነው ያጠፋልዎት። ይህችን ትንሽ ፋይል እንውሰድ፦

<መዝገብ>
  <ቃል>በሬ</ቃል>
  <ቃል>ላም</ቃል>
  <ቃል>ፍየል</ቃል>
</መዝገብ>

«መዝገብ» ውስጥ ዓይናችን የሚያየው 3 ነገር ነው። ዳታቤዙ ግን 7 ይቆጥራል። ከእያንዳንዱ ቃል በፊትና ከመጨረሻው በኋላ ያለው አዲስ መስመርና ስፔስ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ኖድ፣ ማለትም የፋይሉ አንድ ቁራጭ ነው። ላምን ሲያጠፉ ከላይና ከታች የነበሩት ባዶ ኖዶች ይገናኙና አንድ ይሆናሉ። ባዶ መስመሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። 50 ተከታታይ ቃላት ካጠፉ 50 ባዶ መስመር ይቀርዎታል።

ስለዚህ ቃሉን ሲያጠፉ ከእሱ በፊት ያለውን ኖድም አብረው ያጥፉ። መጀመሪያ ግን ባዶነቱን ያረጋግጡ፤ ትርፍ ባዶ ቦታ በሚያስወግደው በኖርማላይዝ ስፔስ ፋንክሽን ካሳለፉት በኋላ ምንም ካልቀረ ባዶ ነው።

ሌላው መንገድ ፋይሉን ገና ወደ ዳታቤዙ ሲያስገቡ ባዶ ኖዶቹን ማራገፍ ነው። ቤዝኤክስ ድሮ «ቾፕ» በሚባል አማራጭ ይህን በራሱ ያደርግ ነበር። በፈረንጆች 2022 የወጣው ቨርዥን 10 ግን አማራጩን «ስትሪፕ ደብልዩ ኤስ» ብሎ ሰየመው፤ ካላበሩት በቀር አይሠራም። ቨርዥን ቀይረው ከሆነ ችግሩ ድንገት የመጣ የሚመስለው ለዚህ ነው።

እኔ ማራገፊያው በራሱ እንዳይሠራ መዘጋቱን እደግፋለሁ። መዝገበ ቃላት የምሳሌ ዓረፍተ ነገር አያጣም፦

<ምሳሌ><ስም>አበበ</ስም> <ግስ>በላ</ግስ></ምሳሌ>

እዚህ በሁለቱ ታጎች መካከል ያለችው አንዲት ስፔስ ትርጉም አላት። ማራገፊያው ይህን አያውቅም፤ ጠራርጎ «አበበበላ» ያደርግልዎታል። አንዴ ከገባ በኋላ ደግሞ የጠፋችው ስፔስ የት የት እንደነበረች ዳታቤዙ አያስታውስም። ማራገፊያውን ማብራት ካለብዎት እንዲህ ባሉት ኤለመንቶች (እንደ «ምሳሌ» ባሉት ክፍሎች) መክፈቻ ታግ ውስጥ ኤክስኤምኤል ስፔስ (xml:space) የሚባለውን አትሪቢዩት «ፕሪዘርቭ» (preserve) ብለው ያስገቡ፤ ያኔ አይነካቸውም። ዋናውን ፋይል ግን ባካፕ ሳያደርጉ እንዳይጀምሩ፣ አደራ።

ጥያቄ፦ ሌላ አድማጭ፦ «የብራና ጽሑፍ እየገለበጥኩ ነው። ቃላቱ የሚለያዩት በሁለት ነጥብ (፡) ነው። ማራገፊያው ይበላብኝ ይሆን?»

መልስ፦ አይበላም። ኤክስኤምኤል ባዶ ቦታ የሚላቸው 4 ብቻ ናቸው፦ ስፔስ፣ ታብና ሁለቱ የመስመር መስበሪያ ምልክቶች። ሁለት ነጥብ ለእሱ እንደ ማንኛውም ፊደል ነው። ከድረ ገጽ ኮፒ ሲያደርጉ የሚመጣው ኖን ብሬኪንግ ስፔስም ከአራቱ ውስጥ የለም። ለዓይን ባዶ የሚመስል ኖድ አልጠፋ ካለዎት መጀመሪያ እሱን ይጠርጥሩ፤ በሪፕሌስ ወደ ተራ ስፔስ ይቀይሩትና እንደገና ይሞክሩ።